ትንኝ ከጠላ አይፈጠርም

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር ጽሑፍ

  ይህን ንግግር በወረቀት የምታነቡ ወገኖች፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚያስቸግር ቃል ቢያጋጥማችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትንኝ ነው። ስለ ትልቁ የቤት ዝንብ አይደለም። ስለ ዝንብ ኋላ ጥቂት እንላለን። አሁን የምንናገረው በጠላ ጋን አፍ ላይ፣ በበሰለ ሙዝ ላይ፣ በብርጭቆ ከንፈር ላይ እንደ ብናኝ ብን ስለምትለው ትንሽ ትንኝ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። ገላዋ ቡናማ ነው። ዓይኗ ቀይ ነው። እስቲ ዛሬ አንዷን ቀረብ ብላችሁ እዩአት። የዓይኗን መቅላት ታያላችሁ።

በአጅባር፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ የሚኖር ሰው «የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ትንኝ የቆላ ነገር ናት» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ይህች ትንኝ ደጋውንም ለምዳዋለች። በሰሜን ሸዋ በፍቼ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ተመራማሪዎች ይህችኑ ትንኝ ሰብስበው አጥንተዋታል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ በወጡት ጥናቶች እንደታየው፣ የደጋዋ ትንኝ ከቆላዋ እኅቷ ትልቅ ናት። ክንፏም ሰፊ ነው። ገላዋም ጠቆር ይላል። ብርዱንም ትችላለች። ደግሞም የዚህች ትንኝ ዘር መነሻው የእኛው አህጉር አፍሪካ ነው። ከዚህ ተነሥታ ከሰው ጋር፣ ከሰው ፍራፍሬና ከሰው መጠጥ ጋር ዓለምን ዞራለች። እንግዲህ ብርድ ብቻውን አይከለክላትም።

«ታዲያ ትንኝ ምን ታደርጋለች? አትነድፍ፣ አትነክስ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አትነድፍም። ጉዳቷ ሌላ ነው።

አንዲት እናት ጠላ ስትጠምቅ ምን ያህል እንደምትደክም እናስብ። ብቅል ማብቀል አለ። ጌሾ መውቀጥ አለ። አሻሮ መቁላት አለ። ቂጣ መጋገር አለ። ውሃ መቅዳት አለ። እንጨት መፍለጥ አለ። ጢሱ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ይህ ሁሉ ድካም አልፎ ጠላው ይደርሳል። ለማኅበር ይሆናል፤ ወይም ተሸጦ ለልጅ ደብተር ይገዛበታል። በሁለት በሦስት ቀን ግን ጠላው ይኮመጥጣል። ደንበኛው አንድ ጊዜ ፉት ይልና ፊቱን ያጨማድዳል። በማግሥቱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እናቲቱም «ዓይን አርፎበት ነው» ትላለች።

ዓይን አይደለም። ጠላን ወደ አቼቶ የሚለውጥ በጣም ረቂቅ የሆነ ሕይወት ያለው ነገር አለ። ባክቴሪያ ይባላል። በዓይን አይታይም። ይህ ባክቴሪያ በጠላው ውስጥ ያለውን አልኮል ይበላል። አየርም ይፈልጋል። አልኮልና አየር ካገኘ ጠላውን ያኮመጥጠዋል። ታዲያ ከየት መጣ? አንዱ መንገድ ትንኟ ናት። ከኮመጠጠ አተላ ላይ ተነሥታ አዲሱ ጋን አፍ ላይ ታርፋለች። ባክቴሪያውን በእግሯም በሆዷም ተሸክማ ትመጣለች። ወይን በሚተከልባቸው አገሮችም ገበሬዎች በዚህችው ትንኝ ይማረራሉ። የተሰነጠቀው የወይን ዘለላ እንዲኮመጥጥ ታደርጋለችና።

ጠላ የሚኮመጥጠው በትንኝ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ጋኑ በደንብ ካልታጠበ ወይም አፉ ተከፍቶ ከሰነበተ ያለ ትንኝም ይኮመጥጣል። ትንኝ በበዛችበት ቤት ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ቀሪቦ ወይም ብርዝ የምታዘጋጁ ቤተሰቦችም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ጣፋጭ ነገርና እርሾ ባለበት ሁሉ ትንኝ አለች።

ከጽዋው ውስጥ የገባች አንዲት ትንኝ ሰው አትገድልም። አውጥቶ መጣል ነው። ነገር ግን ትንኟ በቆሻሻም ላይ ታርፋለች። ከዚያ ተነሥታ ልጁ በሚበላው በተላጠ ሙዝ ላይ ስታርፍ የቆሻሻውን ጀርም ልታመጣ ትችላለች። ስለዚህ «ምንም አታደርግ» ብለን አንተዋትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ትንኝ ከየት ትመጣለች?

ብዙ ሰው «ከጠላው ትፈጠራለች» ይላል። «ሙዙ ሲበሰብስ ትንኝ ይሆናል» የሚልም አለ። የድሮ ሰዎች በሌላውም ዓለም እንደዚሁ ያምኑ ነበር። ሥጋ ሲበሰብስ ትል ይሆናል ይሉ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1668 ጣሊያን ውስጥ ፍራንቼስኮ ሬዲ የሚባል ሐኪም ይህን ነገር ፈተነ። ሥጋ በዕቃ ውስጥ ጨመረ። አንዳንዱን ዕቃ ክፍት ተወው። አንዳንዱን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ክፍት በሆነው ዕቃ ውስጥ ሥጋው ተላ። በጨርቅ በተሸፈነው ዕቃ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ሸተተ እንጂ አልተላም። ዝንቦቹ መጥተው ጨርቁ ላይ እንቁላል ጣሉ። ትሉ ከሥጋው ሳይሆን ከዝንብ እንቁላል እንደሚመጣ በዚህ ታወቀ።

ይህን ፈተና እናንተም በጓዳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ትንሽ አተላ ውሰዱ። አፍሉት። ማፍላቱ ቀድሞ የተጣለ እንቁላል ቢኖር እንዲሞት ነው። ሲቀዘቅዝ በሁለት ጣሳ አድርጉት። አንዱን ጣሳ ክፍት ተዉት። የሌላውን አፍ ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩት። ሁለቱንም ትንኝ ባለበት ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ እዩአቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክፍቱ ጣሳ ውስጥ ነጫጭ ትናንሽ ትሎች ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። በታሰረው ውስጥ አታዩም። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ስታበቁ ሁለቱም ጣሳ ላይ የፈላ ውሃ ጨምሩና ከቤት ርቃችሁ ጉድጓድ ውስጥ ድፉ። ሳትደፉ ከረሳችሁት ግን ትንኝ ስታረቡ ልትገኙ ነው።

እንግዲህ ትንኝ እናት አላት። እናቲቱ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። በዕድሜዋ እስከ 400 ድረስ ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉን የምትጥለው እርጥብ በሆነ፣ በሚጣፍጥ ወይም በሚኮመጥጥ ነገር ላይ ነው። ቤቱ ሞቃት ከሆነ እንቁላሉ በ1 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል ነው። ትሉ 4 ወይም 5 ቀን ይበላል። ከዚያ ወደ ደረቅ ቦታ ይወጣል። በጋኑ ጎን፣ በጠርሙሱ አንገት፣ በጆንያው ክር ላይ ይለጠፋል። ቆዳው ይደርቅና ቡናማ ሽፋን ይሆንለታል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ክንፍ ያወጣል። ሽፋኑን ቀዶ ሲወጣ ትንኝ ሆኗል። ይህ ሁሉ በሞቀ ቤት 10 ቀን ያህል ይፈጃል። በቀዘቀዘ ቤት 20 ቀን ያህል ይፈጃል። ደጋ ነው ብለን እንዳንዘናጋ፣ ጋናችን ያለው ብዙውን ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ነው። እዚያ ሙቀት አለ።

በሌላው ዓለም ይህችን ትንኝ ሆን ብለው የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ሳይንቲስቶች ናቸው። ልጅ ለምን ወላጁን ይመስላል የሚለውን ለማጥናት ይጠቀሙባታል። ቶሎ ስለምትራባ ብዙ ትውልድ በአጭር ጊዜ ያያሉ። በአሜሪካ አገር ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባለው ምሁር ትንኞቹን በወተት ጠርሙስ ውስጥ በሙዝ ያረባ ነበር። በ1910 ከቀይ ዓይኖቹ መኻል ነጭ ዓይን ያለው አንድ ትንኝ አገኘ። ከዚህ በተነሣው ጥናቱ በ1933 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ታዲያ ሳይንቲስቶቹ ትንኞቹ እንዳያመልጡባቸው ምን ያደርጋሉ? የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ይወትፋሉ። ጥጥ አየር ያሳልፋል። ትንኝ አያሳልፍም። እኛ ደግሞ እንዳትገባብን የጋናችንን አፍ በጨርቅ እናስራለን። እነሱ እንዳትወጣ፣ እኛ እንዳትገባ።

አንዳንድ ሰው ትንኝ ሲያይ ያጨበጭባል። ሁለት ይገድላል። እጁን ያማል። ትንኟ ግን አላለቀችም። የምትበርረውን ብቻ ስንገድል በጋኑ ሥር ያሉት ትሎች እያደጉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምንፈልገው የምትራባበትን ቦታ ነው። እስቲ በጓዳችን እንዘዋወር።

መጀመሪያ አተላውን እንይ። ከማኅበር ወይም ከሠርግ በኋላ አተላ ይበዛል። አንዳንዱ ቤት ከደጃፉ ይደፋዋል። አንዳንዱ ከብት ሲመለስ እሰጣለሁ ብሎ በክፍት በርሜል ያኖረዋል። አተላ ለከብት ጥሩ ነው። ለትንኝም ጥሩ ነው። እንግዲያው ትንኟ ሳትቀድም ለከብቱ እንስጠው። በዚያው ቀን የማይሰጥ ከሆነ በርሜሉ ይከደን። ትርፉ ጉድጓድ ይቆፈርለትና አፈርና አመድ ይልበስ።

ሁለተኛው ባዶው ጋን ነው። ጠላው ካለቀ በኋላ ጋኑ እንዲሁ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ድግስ የሚጠብቅበት ቤት ብዙ ነው። ከሥሩ አተላ አለ። ከጎኑ ድርቆሽ አለ። ይህ የትንኝ ሠፈር ነው። ጋኑ በተራገፈበት ቀን ይታጠብ። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ማጠባቸው መልካም ልማድ ነው፤ ቅጠሉ የተጋገረውን አተላ ፍቆ ያወጣዋል። ሙቅ ውሃ ከተጨመረበት ደግሞ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ከታጠበ በኋላ አፉ ተደፍቶ በፀሐይ ይድረቅ። በወይራ ጢስ ማጠንም ጥሩ ነው። ጢሱ ጋኑን ያደርቃል፤ ትንኟንም ያባርራል። ነገር ግን ሳይታጠቡ ማጠን ዋጋ የለውም። የምትበርረዋ ትሸሻለች። ትሉ እዚያው አተላ ውስጥ ይቀራል። ጢሱ ሲበርድ እናቲቱ ተመልሳ ትመጣለች።

ሦስተኛውን ቦታ ብዙ ሰው አያየውም። የጋኑ መቀመጫ ነው። ጠላ ሲቀዳ ይንጠባጠባል። ወለሉ አፈር ከሆነ ጠላውን ይጠጣል። አፈሩ እንደ ራሰ ይኖራል። ይኮመጥጣል። ጋኑን አንሥታችሁ መሬቱን አሽትቱት። የኮመጠጠ ከሸተተ የትንኝ ልጆች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። የራሰውን አፈር ፍቃችሁ ወደ ውጭ አውጡ። በደረቅ አፈርና በአመድ ተኩ። ጋኑን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከሥሩ አየር እንዲገባና እንዲደርቅ ነው። ወለሉን ስትለቀልቁም ይህን ቦታ አትዝለሉት።

አራተኛው ጆንያ ነው። የድንችና የሽንኩርት ጆንያ። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ከታች አንድ የበሰበሰ ድንች ይኖራል። ያ አንድ ድንች ብቻውን ቤቱን በትንኝ ሊሞላ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጆንያውን ገልብጡ። የተበላሸውን አውጡ። ቲማቲምም እንዲሁ ነው።

ከገበያ የምትገዙት ፍራፍሬ ደግሞ አለ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ከቆላ ወደ ደጋ ሲመጣ ብዙ ይጓዛል። በመንገድ ይሰነጠቃል። ትንኝ እዚያው ገበያ ላይ እንቁላል ጥላበት ይሆናል። ስለዚህ ቤት እንደገባ እጠቡት። የተሰነጠቀውን ዕለቱን ብሉት። ልጣጩን ጓዳ ውስጥ አታሳድሩ። ለከብት ወይም ለበግ ስጡት።

መወልወያ ጨርቅም አለ። ጠላ የተወለወለበት፣ ሊጥ የተጠረገበት፣ እርጥብ ሆኖ ጥግ የተጣለ ጨርቅ። እጠቡትና ፀሐይ ላይ ስጡት። በቃ።

አሁን ደግሞ ደህናውን ጠላ እንጠብቅ። የጋኑን አፍ የምንሸፍንበት ጨርቅ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ስስ ከሆነ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጉት። ዙሪያውን በገመድ እሰሩት። እላዩ ላይ ጣል ማድረግ አይበቃም። ትንኟ በእጥፋቱ ሥር ትገባለች። ጠላው እየፈላ ባለበት ጊዜ አየር መውጣት አለበትና ጋኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትድፈኑት፤ ጨርቅ ይበቃዋል። ጨርቁ በጠላ ከራሰ ለውጡት። በራሰ ጨርቅ ላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የሬዲን ጨርቅ አስታውሱ። ስትቀዱ ቶሎ ቀድታችሁ ቶሎ እሰሩ። የሊጥ ቡሃቃውንም እንደዚሁ ክደኑት። እርሾው ይጠራታልና።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ በማግሥቱ ትንኝ ብታዩ አትደነቁ። በሽፋን ውስጥ የነበሩት ገና እየወጡ ነው። የበረሩትም ብዙ ቀን ይኖራሉ። ለእነዚህ ወጥመድ አለ። ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ አምጡ። የኮመጠጠ ጠላ ወይም አቼቶ ሁለት ጣት ያህል ጨምሩበት። ፈሳሽ ሳሙና ሁለት ጠብታ ጨምሩበት። ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ የልብስ ሳሙና በውሃ አሟሙታችሁ ጥቂት ጨምሩ። ሳሙናው ለምንድን ነው? ትንኝ ቀላል ናት። በንጹሕ ፈሳሽ ላይ ቆማ ጠጥታ ትሄዳለች። ሳሙና ያለበት ፈሳሽ ግን አይሸከማትም። ትሰምጣለች። ከዚያ ወረቀት ውሰዱ። ቆሎ ሻጮች ቆሎ እንደሚጠቀልሉበት አድርጋችሁ ሾጣጣ ጠቅልሉ። ጫፉን ቁረጡና ትንሽ ቀዳዳ ተዉለት። ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በብርጭቆው አፍ ላይ ሰኩት። ጫፉ ፈሳሹን እንዳይነካ። ትንኟ በሽታው ተጠርታ በሰፊው ትገባለች። መውጫዋን አታገኘውም። በ2 ወይም በ3 ቀን ፈሳሹን ለውጡ። ካልለወጣችሁት ወጥመዱ ራሱ መራቢያ ይሆናል። ወጥመዱ ልጅ እንዳይጠጣው ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን አንድ ከባድ ነገር እናንሣ። ጆሮ ስጡኝ።

አንዳንድ ሰው ትንኝ ሲበዛበት ለሰብል የገዛውን መርዝ ያመጣል። ወይም ለከብት መዥገር የገዛውን። ማላታይን ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። ጓዳ ውስጥ ይረጨዋል። እኛ አገር ይህን ነገር «መድኃኒት» ብለን እንጠራዋለን። ስሙ ያሳስታል። መድኃኒት አይደለም። መርዝ ነው። ተባዩን የሚገድለው ሰውንም ይገድላል። ጓዳ ሊጥ ያለበት ነው። ጋን ያለበት ነው። ሕፃን የሚድህበት ነው። የተረጨው መርዝ በዕቃው ላይ ያርፋል። በእንጀራው ላይ ያርፋል። ሕፃኑ ወለሉን ነክቶ እጁን ይጠባል።

ዲዲቲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወባን ለመከላከል ለብዙ ዓመታት በአገራችን በቤት ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። ያ ሥራ በሠለጠኑ ሰዎች፣ በመጠን፣ ለወባ ትንኝ የተደረገ ነበር። ለጓዳ ትንኝ አይደለም። ዲዲቲ በቀላሉ አይጠፋም። በሰው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። በእናት ጡት ወተትም ይወጣል። ደግሞም ተባዮች ይለምዱታል። ተባይ መግደሉ በ1939 ከታወቀ 10 ዓመት ሳይሞላ፣ በአውሮፓ የቤት ዝንብ ዲዲቲን መቋቋም ጀምሮ ነበር። እንግዲህ ዝንቡ ይለምደዋል፤ ልጃችን ግን አይለምደውም።

ሌላም አደጋ አለ። መርዝ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥ። የተጠማ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሣዋል። ይህ በፍጹም አይደረግ። መርዝ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ። ከመኖሪያው ቤት ውጭ፣ በቁልፍ።

እናንተ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ በመርዝ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትክፈቱ። ጽሑፉ በአማርኛ ባይሆን እንኳ ምልክቱን እዩ። የራስ ቅልና የተሻገረ አጥንት ካለበት የሚገድል ነው። ከዕቃው በታች ቀለም አለ። ቀዩ ከሁሉ የከፋ መርዝ ነው። ቢጫው ይከተላል። ሰማያዊው ከዚያ ይቀላል፤ አረንጓዴው ከሁሉ የቀለለ ነው። የቀለለ ማለት የሚጠጣ ማለት አይደለም።

ምናልባት ሰው መርዝ ቢጠጣ ወይም ቢነካው ምልክቱ ምንድን ነው? ምራቅና እንባ ይበዛል። ያስመልሳል። ሆድ ይቆርጣል። የዓይን ብሌን ይጠባል። ትንፋሽ ያጥራል። ወዲያው የነካውን ልብስ አውልቁ። ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። የምታጥቡትም ሰዎች መርዙ እጃችሁን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት። ወተት ያረክሰዋል ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የመርዙን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። የጤና ባለሙያው አንብቦ ተገቢውን ሕክምና እንዲሰጥ ነው።

ስለ ትልቁ ዝንብ ጥቂት እንላለን ብለን ነበር። የጓዳዋ ትንኝ የምትፈልገው የኮመጠጠና የጣፈጠ ነገር ነው። ዝንብ ግን እበትና ዓይነ ምድር ይፈልጋል። በልጆች ዓይን ላይ የሚሰፍረው ዝንብ ከሁሉ ይልቅ የሚራባው ሰው ሜዳ ላይ በተጸዳዳው ላይ ነው። ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው እየዞረ የዓይን ማዝን፣ ትራኮማ የሚባለውን በሽታ፣ ያስተላልፋል። ትራኮማ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ጎድቷል። ስለዚህ የጠላ ጋን መክደን ዝንብን አያስቀርም። ለዝንብ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሮ በእርሱ መጠቀም፣ የልጆችንም ፊት በየቀኑ ማጠብ ያስፈልጋል። ሁለቱን ተባዮች አታቀላቅሉ። ስፍራቸው ለየብቻ ነው።

ወደ ጓዳችን እንመለስና እንጨርስ። ትንኝ በሞቀ ቤት በ10 ቀን ትደርሳለች ብለናል። እንግዲያው በየ7 ቀኑ የምታጸዳ ሴት ወይም የሚያጸዳ ወንድ ይቀድማታል። ወንድ ያልኩት አፌን አዳልጦኝ አይደለም። ጋን ማንሣት ከባድ ነው፤ ጆንያ መገልበጥም ጉልበት ይጠይቃል፤ ጠላውን ደግሞ የሚጠጣው ማን ነው?

የማጽጃውን ቀን ምረጡ። ሐሙስ ከሆነ ከጋኑ በላይ በግድግዳው ላይ በከሰል «ሐሙስ» ብላችሁ ጻፉ። ወጥመዱን በለወጣችሁ ቁጥር ከውስጡ ያሉትን ትንኞች ቁጠሩ። ቁጥሩን ከሥሩ ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜም ጻፉ። ከ3 ሳምንት በኋላ ቁጥሮቹን አንብቡ። እየቀነሱ ከሄዱ ሥራችሁ ይዟል ማለት ነው። ካልቀነሱ ያላያችሁት ቦታ አለ። የድንቹን ጆንያ እንደገና ገልብጡት።